ሳቅ የተከለከለች ልጅ

ከምችላቸው ነገሮች ሁሉ የሚሳካልኝ ልጄን ማሳቅ ነው። የታክሲ ረዳት ስሆንላት፣ የልደታ ፍርድ ቤት ጠበቃ ስሆንላት ሆዷን ይዛ ትንከባለላለች። አምና ክረምት ላይ ግን ሳቋ በሳል ማለቅ ጀመረ። ትስቃለች፣ ትስላለች፣ ከዚያ ደረቷ ሲር ሲር ይላል።

እናቴ ምርመራውን ባንድ አፍታ ጨረሰች፤ «ብርድ ነው!» መስኮቱ ተጠረቀመ፣ የበሩ ስር በአሮጌ ፎጣ ተደፈነ፣ ልጅቷ ሹራብ በሹራብ ላይ ተደረበላት። ታክሲ ውስጥ እንኳ መስኮት የሚከፍት ሰው ከእናቴ ጋር ይጣላል። ደግሞ ሁሌም ተሳፋሪው በሙሉ የእሷ ወገን ነው። ቀጥሎ አዋጁ በእኔ ላይ ወጣ፤ «ሁለተኛ እንዳታስቃት!»

አንድ እሁድ ምሳ ላይ አምልጦኝ የጎረቤታችንን አስነጣጠስ አሳየኋት። ሳቀች፣ ሳለች፣ ከዚያ አየር አጠራት። በጎድን አጥንቶቿ መሃል ቆዳዋ ወደ ውስጥ ስርጉድ ሲል አየሁ። በቀልዴ ልጄን የምገድላት መሰለኝ። አቅፌያት ወደ ጤና ጣቢያ በረርኩ፤ እናቴም ተከተለችን።

ሐኪሟ መድኃኒት ሰጥታ ካረጋጋቻት በኋላ «ሌሊት ታስላለች? ስትሮጥስ?» አለችን። በሁለቱም ጊዜ ታስላለች። «አስም ነው» አለች ሐኪሟ።

«አስም የሽማግሌ ነው» አለች እናቴ። «ደግሞ ይሄ ፓፍ የሚሉት በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ይለምድባታል።»

«እማማ፣ እርስዎ በየቀኑ ምሳ የሚበሉት ለምዶብዎት ነው?» ሐኪሟ ሁለት ፓፎች አሳየችን። «ይሄ ድንገት ሲያፍናት ነው። ይሄኛው ግን ደህና ብትሆንም በየቀኑ። ቤቱንም አናፍሱት።»

መስኮቱ ተከፈተ። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ አኮረፈች፤ የጠዋቱን ፓፍ ግን ለማንም አታስነካም፣ «ቀስ ብለሽ ሳቢ፣ የኔ እናት» እያለች ራሷ ትሰጣታለች። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ቤት ውስጥ እንደ ዳኛ ተኮሳትሬ መዞር ያዝኩ።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ቅዳሜ ልጄ መጥታ ፊቴ ቆመች። «አባቢ፣ አኩርፈኸኛል እንዴ?»

ወዲያው አልሄድ ያለ በግ የሚጎትት ሰውዬ ሆንኩላት፤ ከዚያ በጉን ራሱን። በሳቅ ፈነዳች። ወለሉ ላይ ተንከባለለች። እኔና እናቴ ትንፋሻችንን ውጠን ሳሉን ጠበቅን። ሳቋን ጨርሳ፣ በአፍንጫዋ አየር ስባ፣ ቀና ብላ አየችን። ሳል የለም።

እናቴ እንባዋን በጋቢዋ ጫፍ ጠረገችና ተቆጣችኝ።

«ምን ይገትርሃል? ሌላ አሳያታ!»