የሪሓብ ሐሞት መንገድ

ቶማን የማያውቅ የካሳላ ሹፌር የለም። የጭነት መኪኖች በሚያድሩበት ሜዳ ዳር ሻይ ትሸጣለች። አንድ ጊዜ ደንብ አስከባሪዎች የሻይ ሻጮቹን ዕቃ ጠራርገው ወሰዱ። ሌሎቹ ሲያለቅሱ ቶማ ግቢያቸው ድረስ ተከተለቻቸው። «ማንቆርቆሪያዬን ካልመለሳችሁ እዚሁ እሳት አንድጄ እናንተኑ ሻይ አጠጣችኋለሁ፤ ሒሳቡ ግን እጥፍ ነው!» ብላ ቁጭ አለች። ስቀው መለሱላት። እንዲህ ያለች ሐሞተ ኮስታራ ናት። እኔ በአንድ ግድግዳ የምንለያይ ጎረቤቷ ነኝ።

ሁለተኛ ልጇን ሪሓብን ስትወልድ ባሏ በክሪ ማሽላ ጭኖ ወደ ፖርት ሱዳን ሄዶ ነበር። የምታርሳት «አክስቴ» እያለች የምትጠራት አማቷ ሲታና ነበረች፤ የሰፈሩን ግማሽ ያዋለደች፣ ቃሏ የማይታጠፍ ሴት። የሕፃኗ ዓይን ቢጫ ሲሆን «ፀሐይ ታሞቂያታለሽ፣ ይለቃታል» አለች። ወሩ ሲገባደድ ባሰባት። ያኔ ደግሞ «ወርቅ ያደረገች ሴት አራስ ቤት ገብታባት፣ የወርቁ ቢጫነት ይዟት ነው» ማለት ጀመረች።

አንድ ጠዋት ቶማ የልጅቷን ጨርቅ ይዛ በግድግዳው ማዶ ጠራችኝ።

«ነይ እስቲ እዪልኝ። ይሄ የሰው ልጅ ሰገራ ይመስላል?»

እንደ ኖራ ነጭ ነበር። ደነገጥኩ። እሷ ግን ነጠላዋን ተከናንባ ልጇን አቀፈች። ሲታና በሩ ላይ ተገተረች።

«አርባሽ ሳይወጣ ወዴት?»

«ሐኪም ቤት።»

«በአርባዋ ውስጥ ደጅ የወጣች አራስ ትመክናለች!»

«ልምከና፣ አክስቴ። የወለድኳትን ላድናት።»

«ልጄ ሲመጣ ምን ልበለው?»

«ሚስትህ ረግጣኝ ሄደች በዪው» ብላ በክንዷ ሥር ሾልካ ወጣች። እኔም ተከተልኳት።

ዶክተር ዐዋዲያ የምትባል ሐኪም ጨርቁን አየች፣ የልጅቷን ሆድ ዳበሰች፣ ደም አስመረመረች። ከዚያ ቶማን አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ሐሞት ታውቂያለሽ?»

«የበግ ሐሞት በጥሬ ጨጓራ ላይ እናፈስ የለ እንዴ!»

«እሱ ነው። ሐሞቱ ያለባት ከረጢት ግን ማጠራቀሚያ ናት፤ የሚሠራው ጉበት ነው። በጉበት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ከደም የሚፈልጉትን ወስደው ሌት ተቀን ሐሞት ይሠራሉ። የሠሩትን በመካከላቸው ባለች፣ ከፀጉር በቀጠነች ቦይ ውስጥ ይገፉታል። ቦዮቹ ይገናኛሉ፣ እየሰፉ ሄደው አንጀት ውስጥ ይፈሳሉ። ቅባት እንዲፈጭ የሚረዳው፣ ሰገራንም የሚያቀልመው እሱ ነው። ያንቺ ልጅ ጉበት እየሠራ ነው። መውጫው ግን ተደፍኗል። ሐሞቱ እዚያው ተጠራቅሞ ጉበቷን ራሱን ይጎዳዋል።»

«ታዲያ መውጫ ይከፈትላት!»

«የተደፈነውን ቆርጠው አንጀቷን ሽቅብ ከጉበቷ ጋር ይሰፉታል። ካርቱም ነው የሚሠራው፤ ከዘገየ አይሆንም። ቢፈጥንም ለሁሉም አይሳካም፣ ዋስትና አልሰጥሽም።»

«ዋስትና መች ጠየቅኩሽ? የሆስፒታሉን ስም ንገሪኝ።»

በክሪ በስልክ ጮኸ። «አርባሽ ይውጣ፣ እኔም ልምጣ!» አላት። «አንተ ና፤ እኛ ግን ሄደናል» ብላ ዘጋችበት። በማግስቱ እኔ ጋ የተወችውን የበኩር ልጇን ይዤ አውቶቡስ ተራ ልሸኛት ሄድኩ። ሞተሩ ተነስቶ ሳለ ሲታና ጓዟን በራሷ ተሸክማ እየተሳደበች መጣች።

«አልተስማማሁም! እንዳትሳሳቺ! ግን አራስ ምራቷን ብቻዋን ሰደደች ተብዬ በካሳላ ሰው ፊት አልዋረድም። ጠጋ በይ!»

የቀረውን ሲታና ናት የነገረችኝ። ሕፃኗ ካርቱም ላይ ሆዷ ተከፍቶ ከተሰፋ በኋላም ሰገራዋ ነጭ ሆኖ ሰነበተ። አንዲት አስታማሚ «ለሞተ ነገር ባትለፊ፣ ወደ አገርሽ ብትገቢ» ብትላት ቶማ «ልጄ እየተነፈሰች ሞተች የምትይ፣ ከአልጋዬ ዞር በይ!» አለቻት። ቀን ቆጥራም አላለቀሰች፤ ጨርቅ ትቀይራለች፣ ታያለች፣ ታጥባለች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጨርቁን ስትገልጥ አረንጓዴ ሆኖ አገኘችው። ያኔ መሬት ላይ ተቀምጣ ተንሰቀሰቀች። ሲታና እልልታዋን አቀለጠችው። ነርሷ ዝም እንድትል ብትለምናት «ለሰው ሙሽራ እልል ስል ኖሬ ለዚህ ዝም ልበል?» አለቻት።

ሪሓብ አሁን ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ኪኒን አይለያትም፤ ትኩሳትም አንዳንዴ ያስተኛታል። ባለፈው ዓመት ሐኪሙ ያ ጉበት አንድ ቀን ሊደክም፣ ከሰው ተቆርጦ ሊተካላት እንደሚችል ነገራቸው።

«የኔን ይቁረጡላታ» አለች ቶማ ቤት እንደገባች።

ሲታና ከአልጋዋ ቀና ብላ «ጭስ የጠገበ ጉበትሽን ማን ይፈልገዋል? የኔ ይሻላታል!» ብላ ጮኸችባት። «ያንቺማ አርጅቷል፣ አክስቴ!» ስትላት ደግሞ ጫማ ወረወረችባት። እስከ ዛሬ በዚህ ይጨቃጨቃሉ።