የንግሥቲቱ ስድስተኛ እግር

ሐዲስ የአዳማን ግማሽ መስታወት የቆረጠ ሰው ነው። የባንኩ በር፣ የሆቴሉ ሻወር፣ አለቆች ክርናቸውን የሚያስደግፉበት ጠረጴዛ ሁሉ በእጁ አልፏል። ከዚህ ሁሉ ክብር የሚተርፈውን ስባሪ ግን ለጉንዳን ቤት መሥሪያ ያውለዋል። ሁለት መስታወት ያቆማል፣ በመሐሉ ጀሶ ያፈስሳል፣ ጀሶው ሳይጠነክር በማንኪያ ጫፍ መተላለፊያና ክፍል ይፈለፍላል። ከዚያ ማር የነካ ውሃና የሞተ ዝንብ እያቀረበ ሲያይ ይውላል። ሰው በኪራይ ቤት በሚንከራተትበት ከተማ ለጉንዳን ባለ ፎቅ የሚሠራ እሱ ብቻ ነው። ሰፈርተኛው አብዷል ብሎ፣ ተወያይቶ፣ ተስማምቶ ትቶታል።

በየስብሰባው «ከጉንዳን ትጋትን ተማሩ» እያለ የሚሰብከውን ካድሬ ሲሰማ ሐዲስ ይስቃል። ካድሬው በመስታወቱ ቢመለከት ኖሮ ከሠራተኛው ጉንዳን ብዙው ቀኑን ሙሉ ተገትሮ እንደሚውል ያይ ነበር፤ ከራሱ መሥሪያ ቤት በምንም አይለይም።

ወርክሾፑ በእነዚህ ቤቶች ተሞልቷል። ሳሎን የገባው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም የልጁ የአዶኒያስ ነው። አዶኒያስ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። በመጀመሪያው ዝናብ ማግስት ክንፋሙ ጉንዳን ሁሉ ከመሬት ሲፈላ፣ አንዲት ጥቁር ንግሥት በወረንጦ ያዘና የግራ የኋላ እግሯን ሳያስበው ቆረጠባት። «ምን ችግር አለው፣ አምስት ይበቃታል፤ ንግሥት የት ትሄዳለች» ብሎ አባቱ በሠራው ቤት አስገባት። ለጉዞ ሲነሳ እናቱን ሰብለወንጌልን ስሞ፣ «እማዬ፣ ስልኬ ከጠፋ እሷን እያት። እሷ ካለች እኔም አለሁ» አላት። ቀልዱን ነው። ሰብለወንጌል እስከዚያ ቀን ድረስ ጉንዳኖቹን በአመድና በነጭ ጋዝ ስታስፈራራ የኖረች ሴት ነበረች።

ከዚያ ስልኩ ጠፋ።

ባለመኪናው «ይመጣል» ከማለት ሌላ ቃል የለውም። የሾፌሮች ማኅበር ደግሞ ጉዳዩን እየተከታተልን ነው ይላል፤ መከታተል ማለት ወንበር ላይ መቀመጥ ነው። ሰብለወንጌል ሰው መጠየቅ ተወች። ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሳ በቀጥታ ወደ መስታወቱ ትሄዳለች፣ ንግሥቲቱን ፈልጋ ታገኛለች፣ «አለች» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ፊቷን ትታጠባለች።

አንድ ቅዳሜ እሷ ቤተ ክርስቲያን እንደሄደች ሐዲስ ጎንበስ ብሎ አየ። ንግሥቲቱ በጎኗ ተኝታለች። ሠራተኞቹ ይልሷታል፣ ያገላብጧታል፣ ማሩን አምጥተው አፏ ላይ ያደርጋሉ፤ ማሩ ተመልሶ ይፈስሳል። ሞታለች። እነሱ አላወቁም፣ ወይም አውቀው አንዱ ላንዱ አልተናገረም።

እየሮጠ የእድሩ ዳኛ መርዳሳ ዘንድ ሄደ። መርዳሳ «አካም ቡልቴ» ብሎ ሰላምታውን ሳይጨርስ ነገሩን ነገረው። መርዳሳ ሳቀ፤ ለጉንዳን ሽማግሌ ሰብስቦ ማልዶ መርዶ ሊያረዳ እንደሆነ ጠየቀው። በአገራችን እውነት እንደ ስኳር በወረፋ ነው የምትታደለው፣ ለመርዳሳም ወረፋ ማስያዝ ሥራው ነው። ሳቁ ግን መሐል ላይ ቆመ።

«ብቻ ለሰብለወንጌል እንዳትነግራት» አለው።

ሐዲስ የሞተችውን በክብሪት ቀፎ አድርጎ ፓፓያው ሥር ቀበራት። ከወርክሾፑ የዚያኑ ዓይነት ጉንዳን ከነንግሥቲቱ አምጥቶ፣ የድሮዎቹን ሠራተኞች አውጥቶ ባዶ ባደረገው ቤት ሊያስገባ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለው፦ ይቺኛዋ እግሯ ሙሉ ነው። የጥፍር መቁረጫ ፈልጎ አመጣ። እንዳትሸሽ በጀርባዋ መዳፉ ላይ አንጋለላት፣ በግራ በኩል ያለችውን የኋላ እግር ያዘ፣ ቆረጠ። የተገለበጠ ነገር ግራና ቀኙ እንደሚለዋወጥ ዕድሜ ልኩን በመስታወት የኖረ ሰው መርሳት አልነበረበትም። የተቆረጠችው እግር መዳፉ ላይ ለብቻዋ ታጠፈች፣ ተዘረጋች፣ እንደገና ታጠፈች። ንግሥቲቱ ድምፅ የላትም። ሐዲስ ግን ጆሮውን ያዘ።

ሰብለወንጌል ተመለሰች። መስታወቱ ፊት ከወትሮው አስበልጣ ቆየች። «አለች» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ቀን በኋላ ያን ቤት ቀና ብላ አላየችውም።

አዶኒያስ በጠራራ ፀሐይ መጣ፣ የከተማው ነፋስ አቧራውን እያነሳ። ከሚኒባስ አወረዱት፣ ክራንች አቀበሉት። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ቤቱ በሰው ሞላ፣ እንኳን ነፍስህ ተረፈች ተባለ። ቆላ ላይ መኪናው ተገልብጦ፣ ረዳቱ ሞቶ፣ እሱ ስልክ በማይሠራበት ክሊኒክ መተኛቱን ተረከ። እግሩ እየዳነ ነበር፤ ሐኪሞቹም ተስፋ ሰጥተውት ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግን ያለ ምክንያት ጠቆረና ቆረጡት። ጎረቤቱ ከንፈሩን መጠጠ። ቅዳሜ ለነሱ የገበያ ቀን ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ሰው ሲወጣ ሰብለወንጌል ባሏን ጓዳው በር ላይ አቆመችው።

«የልጄ ንግሥት የጎደላት ግራዋ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«አውቀሽ ነበር?»

«የዚያኑ ዕለት። የልጄን መርዶ ደብቆኛል ብዬ እኔም ማወቄን ደበቅኩህ።» ወደ ሳሎን አየች። «ቀኟን ለምን ነካህ፣ ሐዲስ?»

«ተገልብጣ ነበር» አለ።

ከሳሎን የአዶኒያስ ድምፅ መጣ። «አባዬ፣ ንግሥቲቱ አለች?»

ሁለቱም እኩል «አለች» አሉ።

«እንግዲያ እኔም አለሁ» አለና ብቻውን ሳቀ።

አሁን የባንክ በር የሚጠብቅ ደንበኛ ወርክሾፑ ዝግ ሆኖ ያገኘዋል። ሐዲስ በካድሬው ሲስቅ ኖሮ በመጨረሻ ራሱ ከሠራተኞቹ ተራ ገብቷል። ፊቱን ሳይታጠብ ጀሶውን ያረጥባል፣ ማሩን ያንጠባጥባል፣ ከመስታወቱ ላይ አቧራውን በትንፋሹ ይጠርጋል። ንግሥቲቱ መሐል ክፍሏ ተቀምጣለች፣ ሠራተኞቹ ይልሷታል። የሞተችውንም እንደዚሁ ይልሱ ነበር። ከኋላው ልጁ ሶፋው ላይ ተኝቷል፤ ሐዲስ ዞሮ አያየውም። ንግሥቲቱ ከቀሯት እግሮች አንዷን እስክታነሳ ድረስ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል።