ነበልባል ጨዋ የሆነ ዕለት

አባዬ በሌሊት እንድወጣ አልፈቀደም። «ሌሊት የሚወጣ ሌባ ነው፤ የኔ ልጅ ፀሐይ እያየው ይሄዳል» ብሎ ድርቅ አለ። ስለዚህ እኔ እንደ ሌላው ስደተኛ በጨለማ ተሹለክልኬ ሳይሆን፣ ገና ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ እያየኝ፣ ከቃሊቲ መጋዘን ዘይት ጭኖ ወደ ጎንደር በሚሄድ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሬ ተሰደድኩ። ምስጢር የተባለው ጉዞዬ ሳሪስ ድረስ ተሰምቶ ነበር። ባለሱቁ ጋሽ ሸምሱ ኪሴን በብስኩት ሲጠቀጥቁት ሹፌሩ አይቶ «ኧረ ይሄ ልጅ ለሽርሽር ነው እንዴ የሚሄደው?» አለ።

አባዬ፣ ሰፈሩ ጋሽ ተክሌ የሚለው፣ ዕድሜውን አቃቂ ባቡር ጣቢያ የጨረሰ ሰው ነው። ባቡሩ መምጣት ካቆመ በኋላ እንኳ በባቡሩ ሰዓት ተነስቶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ጣቢያው አጥር ሥር ይቀመጥ ነበር። እህቴ ትዕግሥት «ማንን ልትቀበል ነው?» ስትለው «ልማድ ነው» ይላታል። ያን ቀን መኪናው ሥር ቆሞ እጄን ያዘኝና «ስትደውል፣ ደህና ሳትሆን ደህና ነኝ እንዳትለኝ» አለኝ። «አንተም እንዳትለኝ» አልኩት። ተስማማን። ሁለታችንም ቃላችንን አልጠበቅንም።

ከመተማ እስከ ካርቱም፣ ከካርቱም እስከ ባሕሩ፣ ከባሕሩ ማዶ ያለውን ያለፈበት ያውቀዋል። ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ እናቶች እንዳሉ ስለማውቅ እዚህ ላይ ወንፊቴን አውጥቻለሁ፤ የቀረው ይኸው ነው፦ ትዕግሥት የቋጠረችልኝ በሶ ጠቀመኝ፣ ብስኩቱ ባሕር ገባ፣ እኔ ወጣሁ። መጨረሻዬ ኖርዌይ ሆነ።

እዚያ የተቀበለችኝ ሹም ክፉ ሴት አልነበረችም። ከየት ነህ አለችኝ። ከቃሊቲ አልኳት። ኮምፒውተሯ ላይ ስትፈልገው የወጣላት ማረሚያ ቤቱ ብቻ ነው። ዓይኗ በሐዘኔታ ረጠበ።

«ለምን ያህል ጊዜ ታሰርክ?»

«አልታሰርኩም። ቤታችን አጠገቡ ነው።»

«ጠባቂ ነበርክ?»

«አይ፣ ጎረቤት ነኝ።»

ሐበሻው አስተርጓሚ ሳቁን በሳል ደበቀው። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሰው በፈቃዱ እስር ቤት አጠገብ ይኖራል?»

«እኛ አይደለንም እሱ አጠገብ የሄድነው፤ እሱ ነው እኛ አጠገብ የመጣው።»

ይህ መልሴ ጉዳዬን ይጥቀመው ይጉዳው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብቻ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ፈቃዱ መጣና ትሮንድሃይም የምትባል ከተማ ሰፈርኩ። አገሩ ንጹሕ ነው፣ ሰዉ ሐቀኛ ነው፣ ብርዱ ግን አጥንት ቆጥሮ ይገባል። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ባዶ ወንበር እያለ ሰው ቆሞ ይሄዳል። እኔ ለሦስት ሰው በተሠራ የታክሲ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ፣ የማላውቃት እናት ዘንቢል ጭኔ ላይ ተቀምጦ ያደግኩ ልጅ፣ መጀመሪያ የሸተትኩ መስሎኝ ልብሴን አሸተትኩ። ብሩኖስት የሚሉት ቡናማ አይብም አላቸው፤ ከረሜላ ነው እንዳይሉት አይብ፣ አይብ ነው እንዳይሉት ከረሜላ። አከራዬ ኦድቫር የተባሉ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ሽንኩርት ባቁላላሁ ቁጥር የእሳት ማስጠንቀቂያው ይጮህና በካልሲ ደረጃውን ወርደው ይመጣሉ። «ምን ተቃጠለ?» «ምንም አልተቃጠለም፣ ምሳ ነው።» አንድ ቀን አቀመስኳቸው። ውሃ ጠጡ፣ ደገሙ፣ ከዚያ ወዲያ ደወሉ ሲጮህ ሳህን ይዘው ነው የሚወርዱት።

የአባዬ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በስልክ «ደህና ነኝ» ይላል፣ ከኋላው ሳል ይሰማኛል። ትዕግሥት «ብርድ ነው» ትላለች። እኔም ሥራ ሳጣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልደወልኩት» እላለሁ። እውነቱን የት ላግኝ? ያኔ ነው የሰፈራችን ልጆች በኢንተርኔት ፎረም እንዳላቸው የሰማሁት። በየአገሩ የተበተነው የሰፈር ልጅ እዚያ ይገናኛል፤ ማን ወለደ፣ የትኛው መንገድ ተቆፈረ፣ ማን ታመመ፣ ሁሉም ከየቤተሰቡ የሰማውን ይጽፋል። «የጣቢያው ልጅ» ብዬ ተመዘገብኩ።

ወይ መመዝገብ! ወሬ ፍለጋ ገብቼ ስድብ ውስጥ ሰጠምኩ። ያኔ መንግሥትን የሚደግፈውና የሚቃወመው በየገጹ ይቧቀስ ነበር። ስለ አዲሱ የውሃ መስመር የተጀመረ ጨዋታ ሦስተኛው መልስ ላይ ሲደርስ የሰው እናት ይነሳል። የስድቡ አውራ ኦስሎ የሚኖር «ነበልባል» የሚባል ልጅ ነበር። እኔን ምን እንዳደረግኩት ሳላውቅ «የጣቢያው ውሻ» የሚል ስም አወጣልኝ። መለስኩለት። መለሰልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስንሞላለጭ አድረን፣ ጠዋት ስለ አባዬ አንዲት መስመር ሳላነብ ወደ ሥራ ሄድኩ።

የፎረሙ ሞደሬተር፣ ማለትም ተቆጣጣሪዋ፣ የጋሽ ሸምሱ ልጅ ከድጃ ነበረች፤ ስዊድን ነው የምትኖረው። ስልክ ደወለችልኝ።

«አንተ መስፍን፣ አታፍርም? ከነበልባል ጋር ትፋለማለህ?»

«ለምን አታባርሪውም?»

«አባቴ ሱቅ የመጣውን ሰካራም ያባርር ነበር? ሬዲዮኑን ነው ከፍ የሚያደርገው። አንተም ሬዲዮንህን ከፍ አድርግ።»

ከዚያ እጄን ይዛ አስተማረችኝ። የሰውየው ስም ላይ ስትጫን ኢግኖር የሚል ይመጣል፤ ከተጫንከው በኋላ እሱ ቢጮህ ለሌላው እንጂ ለአንተ አይታይህም፣ መታገዱንም አያውቅም። መልስ አለመስጠትም አንድ ማጣሪያ ነው፤ መልስ በሰጠህ ቁጥር ርዕሱ ተመልሶ ገጹ አናት ላይ ይወጣልና፣ ጠቡን የምትመግበው አንተው ነህ። ያስጠላህን ርዕስ እንዳለ ትደብቀዋለህ። ነውር ካየህ ከጽሑፉ ሥር ያለችውን የባንዲራ ምልክት ትጫንና ለእኔ ትተወዋለህ። ደግሞ ቃላት አሉ፤ የማትፈልገውን ቃል ካስገባህ ያ ቃል ያለበት ጽሑፍ ሁሉ ይሰወርልሃል። «አንድ ነገር ብቻ ልብ በል» አለችኝ፤ «ያገድከውን ሰው ሌላው ጠቅሶ ከጻፈ፣ በጥቅሱ በኩል ሾልኮ ይገባል። እሱን እኔም አልቻልኩትም።»

ነበልባልን በዚያችው ደቂቃ አገድኩት፤ ጫማዬን ያወለቅኩ ያህል ቀለለኝ። ወደ ቃላቱ ስገባ ግን ቸኮልኩ። ተሳዳቢው ሁሉ ባላንጣውን «ቃሊቲ ትገባታለህ» እያለ ስለሚያስፈራራ፣ ቃሊቲ የሚለውን ቃል ከለከልኩት። በማግስቱ ፎረሙ ባዶ ሆነ። የሰፈሬን ስም ከልክዬ ስለ ሰፈሬ የሚጽፍ ሰው ጠፋ ብዬ ተከዝኩ! ለከድጃ ስነግራት ስልኩ እስኪወድቅ ሳቀች።

አስተካከልኩትና ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ መልካም ነበር። ገለባው ሲነፋ ፍሬው ታየ። አንዷ የጎረቤት ልጅ «ዛሬ ወንድሜ ጋሽ ተክሌን ጣቢያ አጥር ሥር አይቷቸዋል፤ ጋቢያቸውን ለብሰው ፀሐይ ይሞቃሉ» ብላ ትጽፋለች። ሌላው «ጋሽ ተክሌ ጤና ጣቢያ ሄደው መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ነርሷን በባቡር ታሪክ ሲያስቋት ነበር» ይላል። አባዬ ራሱ የደበቀኝን የሰፈር ልጅ ነገረኝ። መታመሙን አወቅኩ፣ መሻሉን አወቅኩ፣ ተመልሶ መታመሙንም አወቅኩ። የጉዞ ወረቀቴ ሲሟላ ሄጄ አጥሩ ሥር አብሬው ልቀመጥ አስቤ ነበር። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ጃኬቴን ሳላወልቅ የምከፍተው ያንን ፎረም ነው።

አንድ ሐሙስ ቀን ከፈትኩት፣ ስለ አባዬ ምንም የለም። ዓርብም የለም። ፎረሙ ራሱ እንግዳ ሆነብኝ፤ ማንም አይሳደብም። ወንፊቴ ከመጠን በላይ ጠቦ ይሆናል ብዬ እያየሁ ሳለ፣ አንዱ ልጅ የነበልባልን ጽሑፍ ጠቅሶ «እኔም» ብሎ የጻፈበት ገጽ ላይ ደረስኩ። ከድጃ እንዳለችው በጥቅሱ በኩል ሾልኮ መጣ።

«ወንድሜ የጣቢያው ልጅ፣ እንዴት ሰነበትክ? አድራሻህን ብትልክልኝ። እሁድ ጠዋት ወደ አንተ አካባቢ የምመጣበት ጉዳይ አለኝ።»

ደግሜ አነበብኩት። ወንድሜ? እንዴት ሰነበትክ? ነበልባል?

ሰው እንደሆንን ተጣልተን እንከራርማለን፤ እኛ አገር ግን ጠብ ሁሉ የለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ይቀራል። እንዲህ ያለ ተሳዳቢ እንዲህ ጨዋ የሚሆነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፣ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ማልደው፣ ተሰብስበው፣ ደግፈው የሚይዙትን ሰዎች አዘጋጅተው ነው የሚነግሩት። አባቴ ሞቷል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከድጃ ወሬውን እኔ የማልገባበት የፎረሙ ክፍል ውስጥ አስገብታ በሩን ዘግታብኛለች።

መጀመሪያ ተናደድኩ። የኔን አባት ከኔ የሚሰውር ማነው ብዬ ግድግዳውን በጡጫ መታሁት። ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ቆየሁና፣ ቆይቶ የመጣልኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ሁሉ የማይስማማ ሰው፣ ያ ሁሉ ተሳዳቢ፣ በየአገሩ ተበትኖ እያለ፣ እኔ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንዳላነበው ሲል አፉን ዘግቷል። ወደድኳቸው። ነበልባልን ጭምር።

ማምሻውን ከድጃ ደወለች።

«እሁድ ጠዋት ቤት ነህ አይደል?»

«ምነው?»

«እንዲያው ነው። ወላሂ፣ እንዲያው ነው።»

አፍ አውጥቼ ልጠይቃት እችል ነበር። ግን ይህን ያህል ደክመውበት እንዴት ላፍርስባቸው? «ቤት ነኝ» አልኳት። ነበልባልንም ከእገዳው አወጣሁትና አድራሻዬን ላክሁለት።

ቅዳሜ ወደ ኦድቫር ወጣሁ።

«ነገ በማለዳ ብዙ እንግዶች ይመጡብኛል። ይቅርታ፣ ድምፅ ይኖራል።»

«ልደትህ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው የሚመጡት?»

«እስካሁን አልነገሩኝም።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ፊቴን አዩኝ። ምን እንዳነበቡ አላውቅም። ምድር ቤት ወርደው ወንበሮቻቸውን አንድ በአንድ አወጡልኝ፤ የመጨረሻው ወንበር ላይ ብሩኖስት አስቀምጠውበታል። ወለሉን ወለወልኩ፣ ወንበሮቹን ደረደርኩ፣ ለነበልባል መስኮቱ አጠገብ ጥሩውን መረጥኩለት።

ከዚያ ወደ ቤት ደወልኩ። ትዕግሥት አነሳችው። ከኋላዋ የብዙ ወንድ ዝቅ ያለ ድምፅና ካርታ ጠረጴዛ ላይ ሲመታ ይሰማል፤ የለቅሶ ድንኳን ድምፅ ነው፤ ቃሊቲ ያደገ ሰው አይስተውም።

«ሰው በዛ» አልኳት።

«የጎረቤት ሠርግ ነው» አለች። ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ጉንፋን ነው?»

«አዎ፣ ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል።»

«አባዬን አቅርቢልኝ።»

ካርታው ተመታ።

«ጣቢያ ሄዷል» አለችኝ።

«በዚህ ሰዓት?»

«ታውቀው የለ፣ ልማድ ነው።»

ደህና ሳትሆን ደህና ነኝ እንዳትለኝ ብሎኝ ነበር።

«ብርድ ነው» አልኳት፤ «ጋቢውን ለብሷል?»

«ለብሷል ወንድሜ» አለችኝ። «በደንብ አድርገን አልብሰነዋል።»