በነፋሱ በኩል የተከልናቸው ችግኞች

ባሌ የሞተው በጥር ነው። ከሥራ ወጥቶ መገናኛ ታክሲ ሲጠብቅ ወደቀ። ሆስፒታል ስደርስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሰውነቴ የኔ አልመስል አለኝ። ብዪ ሲሉኝ እበላለሁ፣ ተነሺ ሲሉኝ እነሳለሁ። ማልቀስ ግን አልቻልኩም።

የእድራችን ድንኳን የሚተከለው ከሰፈራችን በላይ፣ ከተራራው ግርጌ ባለችው ሜዳ ላይ ነው። ድሮ ከሜዳዋ በላይ ባህር ዛፍ ነበር። እሱ ከተቆረጠ ወዲህ የበጋው ነፋስ ከእንጦጦ ሲወርድ የሚያግደው የለም። በሠልስቱ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣና የድንኳኑን ገመድ በጥሶ ሸራውን ገለበጠው። ወንበሩ ተንጋለለ፣ ለቀስተኛው እየተጋፋ ወጣ። አማቴ የልጃቸውን ፎቶ አቅፈው ሲወጡ አየኋቸው። እኔ ከተቀመጥኩበት ፍራሽ አልተነሳሁም። አቧራው ፊቴ ላይ ሲያርፍ ይታወቀኛል፤ ለምን መነሳት እንዳለብኝ ግን አልገባኝም።

አማቴ ዞር ብለው አዩኝ። «ልጄ ሞቶ ዓይኗ እንኳ አልረጠበም። አሁን ደግሞ እዩዋት» አሉ። ያሉት ለኔ አይደለም፣ አጠገባቸው ለነበሩት ሴቶች ነው። ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም። እሳቸው የሚኖሩት ወሰን ሰፈር፣ እኔ ኮተቤ ነው፤ ሩቅ አይደለም፣ ግን አንዳችንም አልሄድንም።

ክረምት ሲገባ የእድሩ ዳኛ ቤቴ መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

«ከሜዳዋ በላይ ነፋሱን የሚሰብር ዛፍ ልንተክል ነው» አሉኝ። «ወረዳው ችግኝ ሰጥቶናል። ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል። አንቺ ግን ሐዘን ላይ ነሽ፣ ብትቀሪ ማንም አይቀየምሽም።»

«እመጣለሁ።»

«አትቸገሪ ልጄ።»

«ቤት ብቀመጥም ያው ነው» አልኳቸው።

እሑድ ጠዋት ወጣን። ጭቃው ጫማ ይይዛል። ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሯል። ነፋሱ ቀድሞ በሚመታው በኩል ክትክታ፣ ከኋላው ጥድና ወይራ እንድንተክል ተነገረን። የችግኙን ላስቲክ እየቀደድኩ፣ ሥሩን ከነአፈሩ እያስገባሁ፣ ዙሪያውን በእጄ እየጠቀጠቅሁ ቀጠልኩ። አጠገቤ የምትተክለው ጎረቤቴ ድንገት ክንዴን ያዘችኝ።

«እጅሽ እየደማ ነው እኮ!»

አየሁት። እውነቷን ነው። ድንጋይ ቆርጦኝ ኖሯል። በነጠላዋ ጫፍ አሰረችልኝ። እኔም የቀረኝን ተክዬ ጨረስኩ።

ዝናቡ ሲያቆም ማጠጣቱን በየቤቱ ተከፋፈልን። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደረቀ፤ ከብት የበላውም አለ። የደረሰኝን ቅዳሜ ጠዋት አጠጣለሁ። ጀሪካን ተሸክሞ አቀበቱን መውጣት ትንፋሽ ያሳጣል፤ ማሰብ ስለማያስፈልገው ግን አልጠላሁትም።

አንድ ቅዳሜ ቀና ስል አማቴ ከላዬ ቆመዋል። በጥቁር ልብሳቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል።

«የልጄ የትኛው ነው?» አሉኝ።

አልገባኝም።

«በስሙ ተክላለች ብለውኛል። አሳዪኝ።»

አንዱን ባሳያቸው ደስ ይላቸው ነበር። አጠገቤ ደህና የያዘ ጥድም ነበር።

«የሱ የሚባል የለም» አልኳቸው። «ዝም ብዬ ነው የተከልኩት። ስተክል እሱን አላሰብኩም። ምንም አላሰብኩም።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ጀሪካኑን አነሱ።

«እንግዲያው የቱን ላጠጣ?»

ያልጠጡትን ችግኞች አሳየኋቸው። አፈሩ እንዳይሸረሸር እያሉ ቀስ አድርገው ያፈሳሉ። ውሃው ሲያልቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ሰው ሲመጣ አለቅሳለሁ» አሉ፣ ወደ ከተማው እያዩ። «ብቻዬን ስሆን ምንም የለም። ድርቅ ብዬ እቀመጣለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።»

«እኔም እንደዚያው ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። አሁን አወቅሁ።»

ይቅር በይኝ አላሉም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ታክሲ እስኪያገኙ አብሬያቸው ቆምኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲሆን ይመጣሉ። ክትክታው ወገብ ደርሷል። ጥዱ ገና ነው፣ በቀላሉ አያድግም። አንዳንዴ ስለ ልጃቸው ልጅነት ያወሩልኛል። እሰማለሁ፣ ግን ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ ነው የሚሆንብኝ። ዘንድሮ ክረምት በደረቁት ፋንታ አዲስ ተከልን። እሳቸው ጉድጓዱ አጠገብ ተንበርክከው «ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ አዘንብሏል» ይሉኛል። ቀጥ አድርጌ እይዛለሁ። እሳቸው አፈሩን ይመልሳሉ።