የቅዳሜ ማታ ውሃ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። እንዴት ልንገራቸው? የዋሸሁት በእሳቸው ስም ነው። ስለዚህ እናንተ ስሙኝ፤ ስትጨርሱ ግን አይዞሽ እንዳትሉኝ።

እናቴ በእንቅልፏ ትንፋሿ እየተቋረጠ ያስቸግራታል። ሐኪሞቹ አፍንጫዋ ላይ በሚታሰር ማስክ ሌሊቱን ሙሉ አየር የሚገፋላት ማሽን አዘዙላት፤ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ገዝቶ ላከ። ማሽኑ ትንሽ የውሃ ዕቃ አለው። አየሩ በዚያ ውሃ ላይ አልፎ ካልረጠበ አፍንጫ ያደርቃል። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ዕቃው ላይ ከተሰመረው መስመር ካለፈ በቱቦው ገብቶ ፊቷ ላይ ይረጫል፤ ካነሰ ሳይነጋ ያልቃል። ጠዋት የተረፈው ይደፋል፣ ዕቃው ታጥቦ ይደርቃል። ይህ ሁሉ የእኔ ሥራ ነበር። የወንድሜ ሥራ ስልክ ደውሎ «ውሃውን እንዳትረሺ» ማለት ነው።

ቤታችን ዘንዘልማ ነው። ያን የሚያህል ጣና አጠገባችን ተኝቶ የእኛ ቧንቧ ሳምንት ሙሉ አየር ብቻ ያፏጫል። ያን ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ጀሪካን በባጃጅ ጭኜ ገባሁ፤ ትከሻዬ ዝሎ፣ ሆዴ አሮ። እናቴ በማግሥቱ ትቆርባለች። ቆራቢ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፉ አያስገባም።

«ልጄ፣ ይኸ እንፋሎት በአፍንጫዬ ሲገባ የሚያድረው ጾሜን ይገድፍብኝ ይሆን? እስቲ አባን ጠይቂልኝ። እኔስ ስለ መኝታዬ ለቄስ ማውራት አፍራለሁ» አለችኝ።

ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፤ አባ ግቢው ውስጥ ነበሩ፣ ከሩቅ አይቻቸዋለሁ። አልጠየቅኋቸውም። ሱቅ በር ላይ ጥቂት ቆምሁና ተመልሼ «ይገድፋል ብለዋል፤ በቁርባን ዋዜማ ውሃው ይቅር አሉ» አልኋት። ለምን ዋሸሁ? አንዲት ማታ ውሃ ከማፍላት ለማረፍ። በቃ፣ ይኸው ነው። ደክሞኝ ነበር ልበላችሁ? የደከመው ሰው ይተኛል እንጂ ካህን ያልተናገረውን በካህን አፍ ያስገባል? ወንድሜን ልውቀስ? ቧንቧውን ልውቀስ? የዋሸሁት እኔ ነኝ።

እናቴ አመነችኝ። ደረቁን አየር ስትስብ አድራ ጠዋት ትራሷ ላይ ደም አየች። ደም የፈሰሰው ሰው አይቆርብም። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ከቅጽሩ ውጭ አስቀድሳ ተመለሰች። ሌላ ጊዜ ልትቆርብ ስትዘጋጅም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላም። ደሙ ያልሞላሁት ውሃ እንዳመጣው አውቅ ነበር። አውቄ ዝም አልሁ። እሷ ግን ደሙን ከማሽኑ ጋር አላገናኘችውም፤ ከእግዚአብሔር ጋር ነው ያገናኘችው።

«አልፈቀደልኝም» አለች። የረሳሁት ኃጢአት አለ ብላ ታስስ ጀመር። መሸንቲ ድረስ ሄዳ በድሮ ነገር የተቀያየመቻትን የአባቴን እህት እግር ስማ መጣች። እሱም አልበቃትም። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች። ሳህን እያጠብሁ ሳለ ያን የታመመ ጉልበቷን አጥፋ እግሬ ላይ ወደቀች።

«በልጅነትሽ ከወንድምሽ አሳንሼ አይቼሽ እንደሆን ይቅር በይኝ። የያዘኝ ያንቺ እንባ ይሆናል» አለች።

እኔ ምን አልሁ? ያን ጊዜ እንኳ እውነቱ ከአፌ አልወጣም። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አልኋት። አነሣኋት፤ ይቅር አልኋት። እኔ፣ እሷን።

በማግሥቱ አባ ዘንድ ሄጄ፣ እናቴ የማሽኑ እንፋሎት ጾም ይገድፋል ተብላ በቁርባን ዋዜማ ውሃውን እንደተወች ነገርኋቸው። «ለታመመ ሰው እኮ ነው። ትንፋሽ ማርጠቢያ መጠጥ ነው እንዴ? ማነው ይገድፋል ያላት?» አሉኝ።

«ሰው ነው፣ አባ» አልኋቸው።

እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ የተሸከመችው ነገር ያለቀው በዚህች በአባ አጭር መልስ ነው። መጀመሪያውኑ ብጠይቅ በዚያው ቅዳሜ ያልቅ ነበር። ቤት ስገባስ እውነቱን ነገርኋት? «አባ ስለታመምሽ አሁን ፈቅደውልሻል» አልኋት። አንዱን ውሸት በሌላ ውሸት ለበጥሁት።

ከዚያ ወዲህ በቁርባን ዋዜማም ውሃውን እሞላለሁ። ደሙ ቆመ፤ እናቴ ቆረበች። ጎረቤት በመጣ ቁጥር «ልጄ ይቅር ብትለኝ ጊዜ ነው እግዚአብሔር የፈቀደልኝ» ትላለች። ሰውም እንዲህ ያለች ልጅ የት ትገኛለች ይላል። እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ፤ እነሱ ትሕትና ይመስላቸዋል። አንገቴን የሚያስደፋኝ ግን ንዴት ነው፤ በራሴ ላይ ያለኝ ንዴት። ማታ ማስኩን ሳስርላትም ትመርቀኛለች፤ ምርቃቷን አሜን ብዬ እቀበላለሁ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታ መለመን የሚገባኝ እናቴን ነበር። እሷ ግን ቀድማ እግሬ ላይ ወድቃ እኔን ለመነችኝ፤ እኔም እንደ ጻድቅ ቆሜ ይቅር አልኋት።