ለብቸኛ ሰው የሚሆን ትራክተር

ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ ጡረታ ወጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እንጅባራ መሥሪያ ቤት ስመላለስ ኖሬ፣ ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት ሲጠፋኝ የከተማውን ቤት ሸጥኩና ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው መሬታችን ገባሁ። መሬቱ ከባለቤቴ ወላጆች የወረደ ነው። ወንድሞቹ ድርሻቸውን ለእሱ ትተው ወደ ከተማ ስለገቡ ሰፋ ይላል። ሜዳው ድንችና ጤፍ የሚሆን ቀይ አፈር ነው፤ ዳገቱን ባሕር ዛፍና ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ሸፍኖታል። እሱ በሕይወት ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣን አብረን እንዞረው ነበር። እሱ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ።

ጎረቤቶቼ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ሲያልፉ ከአጥር ውጭ ቆመው "እንዴት አደሩ?" ይሉኛል። እርስ በርሳቸው ግን የሚያወሩት በአገውኛ ነው። ለባለቤቴ የእናቱ ቋንቋ ነበር። እኔ ከቡሬ መጥቼ ያገባሁ ሰው ነኝ፤ ግማሹን እሰማለሁ፣ ስመልስ በአማርኛ ነው። እኔ ስጠጋ ወሬው ወደ አማርኛ ይዞርና ወዲያው ያልቃል።

የመጀመሪያው ክረምት ሲመጣ የሚያርስልኝ አጣሁ። አብዛኛው ሰው ማሳውን ዛፍ ተክሎበት በሬዎቹን ሸጧል። ዛፍ የቆረጡልኝ ሰዎችም ሌላ ሥራ አግኝተው ሄዱ፤ ግንዱ ዳገቱ ላይ እንደተጋደመ ከረመ። በየቀኑ ወጥቼ አየዋለሁ፤ እመለሳለሁ።

ሐዋሳ ለምትኖረው ልጄ ደውዬ፣ "ትራክተር ልገዛ ነው" አልኳት።

 

"እማዬ፣ መሬቱን አከራይተሽ እኔ ጋ ነይ ብዬሽ የለም እንዴ? ደግሞስ ማን ሊነዳው ነው?"

"እኔ። የአባትሽን ፒካፕ ስነዳ አልነበር?"

"እሺ፣ ከማን ጋር ነው የምትሠሪው?"

 ኔትወርኩ አስቸገረ ብዬ ዘጋሁት።

ዳንግላ ከሚኒባስ ወርጄ በጋሪ ወደ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ባለ ሱቁ በልጄ ዕድሜ የሚሆን ሙስሊም ነጋዴ ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለው ሰፊ ግቢ ትራክተሮች ያቆማል። ቀደም ብዬ እንደጠየቅኳቸው ሻጮች "ባለቤትዎ የት አሉ?" አላለኝም። መሬቱ ዳገት አለው ወይ? ዛፎቹ ምን ያህል ተራርቀው ተተክለዋል? ግንዱ እርጥብ እያለ ነው የሚጎተተው ወይስ ከደረቀ በኋላ? እያለ ጠየቀኝ፤ ደስ ብሎኝ መለስኩለት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰው ስለ መሬቴ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ግቢው ውስጥ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ትራክተር ቆመዋል። ዓይኔ ትልቁ ላይ አረፈ።

"ረዳትዎም ይዩት እንጂ" አለኝ።

"ረዳት ምን ይሠራል?"

"ተጎታቹን ሲያያይዙ ከኋላ ቆሞ ምልክት የሚሰጥዎት ሰው ነዋ።"

"እሱማ አለ" አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም፤ አፌ ቀደመኝ።

ሳይገዙ ሥራ ላይ ማየት ይሻላል ብሎ፣ እንደ ትልቁ ያለ ትራክተር የገዙ ደንበኞቹ ያሉበትን አዘና የሚባል ቦታ ነገረኝ። በማግሥቱ ሄድኩ። ባልና ሚስት ናቸው፤ እንጨት ሊጭኑ ሲዘጋጁ ደረስኩ። እሱ ትራክተሩ ላይ ወጣና ወደ ተጎታቹ ማፈግፈግ ጀመረ። እሷ ከኋላ ቆማ መዳፏን ወደ ግራ ታዘነብላለች፤ ይታጠፋል። ወደ ራሷ ትጠራዋለች፤ ይመጣል። ጣቶቿን ስትጨብጥ ቆመ። የማያያዣውን ፒን አስገባችና የኋላውን ጎማ በመዳፏ ጠፍ ጠፍ አደረገችው፤ በቃ ማለቷ ነው። አንድ ቃል አልተነጋገሩም። እሱ ዞሮም አላያትም፤ በመስታወት እጇን ብቻ ነበር የሚያየው።

ምሳ ካልበሉ ብለው ለመኑኝ። ሚኒባስ ያመልጠኛል ብዬ ወጣሁ። ሚኒባሱ ገና ነበር። መንገድ ዳር ረጅም ሰዓት ቆምኩ።

ዳንግላ ተመልሼ ግቢው እንደገባሁ፣ "ረዳት የለኝም። ብቻዬን ነኝ" አልኩት።

ለቅሶ ላይ ሰዎች "ብቻዋን ቀረች" ሲሉ ሰምቼ ነበር። በራሴ አፍ ስለው ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ነጋዴው እንደ ለቅሶ ደራሽ ከንፈሩን አልመጠጠም።

"እንግዲያው ምርጫው ሌላ ነው" አለ። "ትልቁን ይተዉት፤ መወጣጫው ከፍ ይላል። ብቻውን የሚያያይዝ ሰው እየወረደ ማየት፣ መልሶ መውጣት አለበት። ጉልበትዎ አይችለውም። ደግሞ ዛፍ ለዛፍ መሐል አይዞርም።"

"ትንሹስ?"

"ቀላል ነው። እርጥብ ግንድ ዳገት ላይ እሱን ራሱን ይጎትተዋል።"

ወደ መካከለኛው ወሰደኝ። አራቱም ጎማ ይጎትታል። መወጣጫው ዝቅ ያለ ነው፤ መቀመጫው ላይ ሆኜ ወደ ኋላ ስዞር ማያያዣው ይታየኛል። ከመቀመጫው በላይ የቆመውን ወፍራም ብረት በእጁ ነካው።

"ቢገለበጥ የሚያተርፍዎት ይሄና ቀበቶው ነው። ቅርንጫፍ ያዘኝ ብለው እንዳያጥፉት፤ ቅርንጫፉን ይመልምሉት። ግንድ የሚጎትቱበትን ሰንሰለትም ሁልጊዜ ዝቅ ካለው መንጠቆ ላይ ይሰሩት። ከፍ አድርገው ካሰሩት የፊት ጎማው ተነስቶ ወደ ኋላ ይገለብጥዎታል። ያኔ ማንም..." አለና ቃሉን ዋጠው።

"ማንም አይሰማኝም" ብዬ ጨረስኩለት።

"ይሞክሩት፣ እናቴ" አለ። ባዶ ተጎታች ግቢው መሐል አስቆመና ቁልፉን ሰጠኝ። ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር አደረገ፤ ሄዶ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ቆመ።

"ምነው?"

"ካየሁዎት እጄ አያርፍም፤ ምልክት እሰጥዎታለሁ። ቤትዎ ደግሞ እጄ የለም።"

አፈገፈግኩ። ወርጄ ሳይ ከቦታው ወደ ግራ ርቄያለሁ። ወጣሁ፣ ወደፊት ሄጄ እንደገና አፈገፈግኩ። አሁን ተጎታቹን ገፋሁት። ብረት ከብረት ሲጋጭ የነጋዴው ትከሻ ነቅነቅ አለ፤ አልዞረም። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እንደገና ወረድኩ፣ እንደገና ወጣሁ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ሁለቱ ቀዳዳዎች ፊት ለፊት ገጠሙና ፒኑ ቋ ብሎ ገባ። እጄ ሳላስበው ጎማውን ጠፍ ጠፍ አደረገው።

"ገባ!" ብዬ ጮህኩ።

መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ይኸው" አለ። ሌላ አልጨመረም። እኔም የማለቅስ ስለመሰለኝ የዘይት መለኪያው የት እንደሆነ ጠየቅኩት።

መካከለኛውን ገዛሁ። ግቢዬ የገባ ዕለት ጎረቤቶች መጥተው ከበቡት፤ በአገውኛ ብዙ አወሩ። አንድ ሽማግሌ በአማርኛ፣ "ይባርክልዎ፤ ከክፉ ይጠብቅዎ" አሉኝ። ጠላ አለ፣ ግቡ ብላቸው መሽቷል ብለው ሄዱ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።

የትራክተር መንጃ ሥልጠና ወስጄ ስጨርስ ሥራ ጀመርኩ። ለብዙ ወራት የከረመውን ግንድ ጎትቼ ከመንገድ ዳር ስከምር ሞተሩ ጫካውን ይሞላዋል። ያን ጊዜ ምንም አይሰማኝም። ችግሩ ሳጠፋው ነው። ጸጥታው ከበፊቱ ይልቅ ይከብዳል፤ ለምሳ እንኳ ሳላጠፋው እየበላሁ ናፍጣ ያባከንኩባቸው ቀኖች ነበሩ።

በሁለተኛው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ዳገቱ ሥር ጭቃ ዋጠኝ። ጎማው በዞረ ቁጥር ይበልጥ ይሰምጣል። አጠፋሁትና ወረድኩ። ዝናቡ ዲከረንሱ ላይ ይወርዳል። አንድ ጊዜ "ሰው የለም?" ብዬ ተጣራሁ፤ ድምፄን ስሰማ አፈርኩ። ልብሴ በስብሶ በእግሬ ቤቴ ገባሁ።

በማግሥቱ ዝናቡ ሲያባራ ዶማና መጥረቢያ ይዤ ሄድኩ። ጭቃውን ከጎማዎቹ ፊት ቆፍሬ አወጣሁ፤ ቀጫጭን ባሕር ዛፍ ቆርጬ አጋደምኩ፤ ድንጋይ ጠቀጠቅኩበት። ቀኑ እኩል ሲሆን ሞተሩን አስነስቼ በዝቅተኛው ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልኩ ለቀቅኩ። እንጨቱ ተንቋቋ፣ ጎማው ያዘ፣ ወጣሁ።

ደረቅ ቦታ ደርሼ ስቆም የምነግረው ሰው ፈለግኩ። ልጄ ጋ ብደውል ትደነግጣለች። ጉብታ ላይ ወጥቼ ኔትወርክ ሲመጣልኝ ዳንግላ ለነጋዴው ደወልኩ። ከኋላው የገበያ ጫጫታ ይሰማል።

"ጭቃ ይዞኝ ነበር። ብቻዬን አወጣሁት" አልኩት።

"ማሻ አላህ! ጎበዝ፣ እናቴ! የአየር ማጣሪያው ውኃ አልገባውም?"

"አልገባውም፤ አይቼዋለሁ።"

"በሉ ደግ። ደንበኛ ቆሞብኛል" ብሎ ዘጋው።

ስልኩን ኪሴ ከትቼ፣ ጭቃው ሳይደርቅ ጎማዎቹን ለማጠብ ከማሳው በታች ወዳለው ወንዝ ነዳሁት።