ወራጅ አለ

ማንበብ እንደማልችል እያወቀ፣ ያላዘዝኩትን ጽፎ አሸከመኝ። ኋላ ሰው ፊት ስጠይቀው ደግሞ «ራስህ ነህ ያዘዝከኝ» አለ። በደሉ ይኸው ነው። ሰው አልሞተም፣ ቤት አልተቃጠለም። ትንሽ ነገር ነው የሚሉኝ አሉ። ትንሽ ከሆነ እነሱ ይሸከሙት።

ሰውየው የደብረ ሲና ሰው ነው፤ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ከተቀመጠ ብዙ ዘመኑ ነው። ሥራው የሱቅ ስም፣ የፋርማሲ በር፣ የባጃጅ ጀርባ መጻፍ ነው። እኔ የጀውሃ ገበሬ ልጅ ነኝ። ከተማ ገብቼ መነኸሪያ ውስጥ ተራ አስከባሪ ሆንኩ። የትኛው ሚኒባስ ወደ ካራቆሬ፣ የትኛው ወደ ደብረ ሲና ተራው እንደሆነ የምናገረው እኔ ነኝ። ታፔላውን ግን አላነብም ነበር። ሾፌሩን በፊቱ፣ መኪናውን በጭረቱ ነበር የማውቀው።

ያገናኘን ኳስ ነው። ያኔ የአካባቢው ኮሌጆች በየዓመቱ ይጋጠሙ ነበር፤ ሁለት ምድብ ነበሩ፣ የቆላ ምድብና የደጋ ምድብ። እኔ የከተማችን ኮሌጅ ደጋፊ ነኝ። ተምሬበት አይደለም፣ በአጥሩ በኩል ነው የማውቀው። እሱ የደጋዎቹ ደጋፊ ነው። ከመነኸሪያው ጀርባ፣ ኒም ዛፍ ሥር ሻይ የሚሸጡ ሴት አሉ፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ እንቀመጥና የትኛው ምድብ ይበረታል እያልን እንጨቃጨቃለን።

«የኛ ምድብ ስምንት ኮሌጅ አለው» ይላል እሱ። «እናንተ አምስት ናችሁ። ከአምስት አንደኛ መውጣት ከወንድም ጋር እንደ መሽቀዳደም ነው።»

«ስምንታችሁም ብርድ እያባረራችሁ ነው የምትሮጡት» እለዋለሁ። «አንዱን ቡድን በስምንት ሰዓት ፀሐይ እዚህ አምጣውና እንየው።»

«እናንተስ ጣርማ በር ሳትደርሱ ትንፋሻችሁ ያልቅ የለም እንዴ?»

«ኳስ ሜዳ ላይ ነው እንጂ ገደል ላይ የሚጫወት ማን አለ?»

«ስማ አንተ ቆለኛ! ሰው ወደኛ ሲመጣ ወጣ ይባላል፣ ወደናንተ ሲሄድ ወረደ። ቋንቋው ራሱ ፈርዶባችኋል።»

ሰው ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

ዳኛችን ሐጂ ናቸው፤ ማሾ የሚነግዱ ሽማግሌ። ኳስ አይወዱም፣ ክርክር ይወዳሉ። የውጤት ነገር ሲያጠራጥር ሁለታችንንም በከዘራቸው ዝም ያሰኙና ወደኔ ይዞራሉ። «እስቲ መዝገቡ ይናገር» ይላሉ። መዝገቡ እኔ ነኝ። የማይጽፍ ሰው የሰማው አይጠፋውም። የስድስት ዓመት ጨዋታ፣ ማን እንዳገባ፣ በየትኛው ግብ በኩል እንደገባ፣ ያን ቀን ዝናብ ይሁን ፀሐይ፣ ሁሉንም እናገር ነበር። የተማሩት ቁጭ ብለው ይሰሙኛል። ቀበሌ ስገባ፣ ባንክ ስገባ አንገቴን የምደፋው እኔ፣ ኒሙ ሥር ግን ቃሌ ቃል ነበር። ሌላ ሀብት አልነበረኝም። የወሰደብኝ ይኼንን ነው።

አንድ ክርክር ነበረችኝ፣ ከራሴ ያወጣኋት። የምድብ ጉልበት በጭራው ይለካል እል ነበር። አንድ ጎበዝ ቡድን የትም አይጠፋም። የመጨረሻው ቡድን ምን ያህል ይገፋል? የኛን መጨረሻ ከእናንተ መጨረሻ አጋጥሙና እዩ። ደጋግሜ ስለው ሐጂ ሳይቀሩ ወደ እኔ ማዘንበል ጀመሩ።

አላህም ሰማኝ መሰለኝ፣ በዚያው ዓመት የኛ ኮሌጅ ከቆላ ምድብ መጨረሻ ሆነ። የሱ የደብረ ሲናውም ከደጋው መጨረሻ። ሁለቱ ተጋጥመው የተሸነፈው ወደ ታችኛው ውድድር ይወርዳል ተባለ። ጨዋታው እኛ ሜዳ፣ በስምንት ሰዓት። አፌን ሞልቼ የተናገርኩት ሁሉ በአንድ ጨዋታ ሊፈተን ሆነ።

ሱቁ ሄድኩ። ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«‹ቆላ አይወርድም› ብለህ ሰሌዳ ጻፍልኝ» አልኩት።

«ለጠላቴ ደግሞ ልጻፍ?»

«ከተማው ውስጥ እንዳንተ የሚጽፍ የለም። ምን ላድርግ?»

ሳቀና እሺ አለኝ። በጨዋታው ቀን ስመጣ አንድ ኮምፔንሳቶ እንጨት ላይ ቸንክሮ አቆይቶኛል። ፊደሉ ቀይ ነው፣ በጥቁር ጥላ አለው። ቀለሙ አልደረቀም ነበር። «እንዳትነካው» አለኝ። አየሁት፤ አማረ አልኩና ተሸክሜ ወጣሁ። ከሱቁ እስከ ሜዳው ከተማውን አቋርጬ ሄድኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ ይስቃል። ደስ ብሏቸው ነው ብዬ እኔም ሳቅሁላቸው።

ሜዳው ዳር በኛ ወገን ቆምኩ። ጨዋታው እንደ ተጀመረ ከኋላዬ «አውርደው!» ማለት ጀመሩ። ጋረድኳቸው ብዬ ወደ ጎን ሄድኩና ከፍ አደረግሁት። «አውርደው አንተ! አውርደው!» ክንዴ እስኪዝል ከፍ አደረግሁት። አንዱ ድንጋይ ወረወረና የሰሌዳውን ጠርዝ ገመሰው። የደጋዎቹ ልጅ ነው ብዬ ሰደብኩት። የኛ ነበር።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አገቡብን። በስምንት ሰዓት ፀሐይ ይጠወልጋሉ ያልኳቸው ልጆች እየሮጡ አገቡብን። አንድ ለዜሮ። ወረድን። የኔ ክርክር እዚያው ሞተ፤ እሱንስ እቀበላለሁ፤ ኳስ ነው።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ናቸው የነገሩኝ። ሻዩን አስቀመጡና ብርጭቆውን ሳይለቁ ቆሙ።

«አንተ፣ ያ የተሸከምከው ምን ይላል ብለህ ነው?»

«ቆላ አይወርድም።»

«ኸረ ወዲያ!» አሉ። ወዲያና ወዲህ አዩ። «‹ወራጅ አለ› ነው የሚለው። እስከ መቼ ሲስቁብህ አያለሁ ብዬ ነው። አትቀየመኝ።»

ወራጅ አለ። መነኸሪያ ውስጥ በቀን ስንት መቶ ጊዜ የምሰማው ቃል ነው። ተሳፋሪው ከሚኒባስ መውረድ ሲፈልግ የሚጮኸው። ኳስ የሚያይ ሰው ደግሞ ወራጅ የሚለው ከውድድሩ የሚባረረውን ቡድን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በጆሮዬ ስሰማው ኖሬ፣ ዓይኔ ሥር አድርጌ ስሸከመው አላወቅሁትም።

ቅዳሜ ኒሙ ሥር ጠየቅሁት። ሰው ሙሉ ነበር። ዓይኑን አላሸሸም።

«አንተው አይደለህ ያዘዝከኝ? ደገኞች ሊወርዱ ነውና ‹ወራጅ አለ› ብለህ ብሽቅ አድርግልኝ አላልክም? ነገሩ ሲገለበጥ እኔ ምን ላድርግህ?»

ሐጂ ወደኔ ዞሩ። «መዝገቡ ምን ይላል?» አሉ፤ እሳቸው ለቀልድ አልነበረም። ካጠገባቸው አንዱ ቀደመኝና «መዝገቡማ የተሸከመውን አያውቅ!» አለ። ሳቁ ለረጅም ጊዜ አልቆመም። ብናገር ማስረጃዬ ምንድነው? ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ ወረቀት የለም፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የሱን ቃል ነው የሚደግፈው።

ከዚያ በኋላ ውጤት ሲያከራክር ወደኔ የሚዞር ጠፋ። ስልክ ያወጣሉ። መነኸሪያም ነገሩ ተከተለኝ። የማይወርዱ ተሳፋሪዎች በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ወራጅ አለ!» ይሉኛል፤ ሾፌሩ ፍሬን ይይዛል፤ እኔ በር ልከፍት እሮጣለሁ። እየሳቁ ይሄዳሉ። እውነተኛውን ወራጅ ከቀልደኛው መለየት አቃተኝ። ለሁሉም እሮጥ ነበር። ሥራዬ ነው።

ሰሌዳውን አልጣልኩትም። ቤት ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኩት።

ዓመታት አልፈው ቀበሌው ከሰዓት በኋላ ጎልማሶችን ያስተምር ጀመር፤ ተመዘገብኩ። ለዕውቀት ብዬ አይደለም። መምህሯ ከልጄ ታንሳለች። ፊደሉን በተራ ነው የምታስተምረው፣ እኔ ግን የምጠብቀው አምስት ፊደል ብቻ ነበር። «ለ» በመጀመሪያው ሳምንት መጣች። ቤት ገብቼ ሰሌዳውን አዞርኩና የመጨረሻዋን ፊደል አነበብኳት። ቀጥሎ «ራ»። ከብዙ ጊዜ በኋላ «አ»። ከዚያ «ወ»። «ጅ» እስክትደርስ ማሾው ታጭዶ አልቆ ነበር። ያን ዕለት ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። እትዬ ያሉኝ ነው። አልተናደድኩም። አምስት ፊደል ነው። ጽሑፉ ያምራል፤ ጥላው ሁሉ በአንድ በኩል ነው የወደቀው፤ ጊዜ ወስዶበታል።

ቀጥዬ የሠራሁት ሥራ የሚያስመሰግን አይደለም፣ ግን እጽፈዋለሁ። የከተማውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። የሱን እጅ አውቀዋለሁ፤ ያቺን ጥላ የሚያደርግ ሌላ የለም። ሁለተኛ ውሸት ነበር የምፈልገው። አንድ ሌላ ሰው፣ ማንበብ የማይችል፣ በሩ ላይ ስድብ ተለጥፎበት ባገኝ ያን ሰው እጁን ይዤ ኒሙ ሥር አመጣው ነበር። እያንዳንዱን ባለሱቅ «ምን ብለህ ነበር ያጻፍከው?» እለዋለሁ። የባጃጆቹን ጀርባ ቆመው ሳሉ አነባለሁ፤ «ትዕግሥት ካለህ ትደርሳለህ» ይላል፤ ባለቤቱን ስጠይቀው «ትዕግሥት ካለህ ትደርሳለህ ብዬ» ይለኛል። ሽንኩርት የሚያከፋፍል፣ ሲጽፍ አይቼው የማላውቅ ሽማግሌ፣ በሩ ላይ ስሙና የአባቱ ስም ልክ ነው። ወራት ፈጀብኝ። ሁሉም ልክ። ፊደል ገድፎ ሊሆን ይችላል፣ ቃል ግን አልቀየረም። እኔን ብቻ ነው።

ይኼን ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

ሱቁ ሄድኩ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አልገባሁም ነበር። የባጃጅ ጀርባ እየጻፈ ነው።

«ሥራህን አነበብኩት» አልኩት።

«የቱን?»

«ሁሉንም። ከመነኸሪያው እስከ ድልድዩ። አንድ ምግብ ቤት በር ላይ ‹ቁርስ› የሚለውን ‹ቁስር› ብለሃል። እሷ ስህተት ናት። ውሸት ግን አጣሁብህ።»

ብሩሹን ቀለም ማጠቢያው አኳራጅ ውስጥ ነከረና እዚያው ተወው።

«እኔን ብቻ ነው የዋሸኸው። ለምን?»

«ሌላው ሰው ጽፌ ስጨርስ ማንበብ የሚችል ይጠራል» አለ። «ልጁን፣ ጎረቤቱን፣ አላፊ አግዳሚውን ጠርቶ ያስነብባል። አንተ ብቻ ነህ አይተህ አማረ ብለህ የሄድከው።»

«ስለ አመንኩህ ነው በለኛ።»

«ቀልድ ነበር። ሜዳ ሳትደርስ ይነግሩሃል፣ ተመልሰህ ትሰድበኛለህ፣ እስቅና ሌላ እጽፍልሃለሁ ብዬ ነበር። አንተ ግን ተሸክመኸው ቀረህ።»

«ኒሙ ሥርስ?»

«ያልታዘዘውን ይጽፋል ከተባልኩ ማን በሩን ይሰጠኛል? ግማሹ ደንበኛዬ እንደ አንተ ነው።»

«እንደ ድሮው እኔ» አልኩትና ወጣሁ።

የምፈልገውን አልነገርኩትም፤ ያውቀዋል። በዋሸበት ቦታ እውነቱን እንዲናገር ነበር የምፈልገው። ሁለት ሳምንት ዝም አለ። በሦስተኛው ቅዳሜ ኒሙ ሥር መጣ፤ ሳይቀመጥ።

«ያን ጊዜ ‹ቆላ አይወርድም› ብሎ ነው ያዘዘኝ» አለ። «‹ወራጅ አለ› ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በኋላም የዋሸሁት እኔ ነኝ። በደሌ ነው።»

ወጣቶቹ በስልካቸው የእንግሊዝ ጨዋታ እያዩ ነበር። አንዱ ቀና አለ።

«ስለ ምንድነው የሚያወራው?»

«ኮሌጆቹ ሲጫወቱ...» አለው ሌላው።

«የቱ ኮሌጅ? ኮሌጆች ይጫወቱ ነበር እንዴ?»

መንገዱ የማይታመን በሆነ ጊዜ ውድድሩ ቀርቶ ነበር፤ የቆላ ምድብም የደጋ ምድብም የለም። ሲስቁብኝ ከነበሩት ግማሾቹ ከተማውን ለቀዋል። እትዬ ብርጭቆ ማጠባቸውን አቁመው ሰሙ። ሐጂ ከዘራቸውን ሁለት እጃቸው ሥር አድርገው ሰሙ። ሌላ የሰማ አልነበረም።

«ይቅር ብለኸዋል?» አሉኝ ሐጂ።

«ብያለሁ።»

«በአፍህ ነው በልብህ?»

«በአፌ ነው፣ ሐጂ። ልቤን አላገኘሁትም።»

«በአፍም ይበቃል» አሉ። ከዚያ እንደ ድሮው ወደኔ ዞሩ። «ለመሆኑ ያን ቀን ስንት ለስንት ነበር?»

«አንድ ለዜሮ። በመንገዱ በኩል ባለው ግብ።»

አንዱ ልጅ ስልኩ ላይ ፈለገ፣ አጣው። ሐጂ «ተወው፣ ተናግሯል» አሉት። ሰውየው ተቀመጠ። እትዬ ሻይ አመጡለት። ስለ ምድብ ማንም አላነሳም። ጨርሼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ፤ የካራቆሬ ሚኒባስ ሞልቶ ተራው ደርሶ ነበር።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.